ሪፖዚተሪዬ ለምን ናል ሆነብኝ?

ድሬዳዋ ቀፊራ አካባቢ ላለ የጅምላ መጋዘን በስፕሪንግ ቡት (የጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ ነው) የሽያጭ መመዝገቢያ እየሠራሽ ነው። ፕሮግራሙ በሰላም ይነሳል፣ ገጹም ይከፈታል። «መዝግብ» ሲነካ ግን ናል ፖይንተር ኤክሴፕሽን፣ ማለትም «ባዶ (ናል) የሆነ ነገር ተጠቅመሻል» የሚል ስህተት ይመጣል። «የሽያጩን ክላስ ሰርቪስ ብዬዋለሁ፣ ስፕሪንግ ሪፖዚተሪውን እንዲሞላልኝም አውቶዋየርድ አድርጌዋለሁ፣ ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘኝ ሪፖዚተሪ ለምን ናል ይሆናል? ሁለት ሌሊት አልተኛሁም» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

አይዞሽ እህቴ፣ ሪፖዚተሪሽ ደህና ነው። ችግሩ ያለው ከገጹ የሚመጣውን ጥያቄ የሚቀበለው ኮንትሮለር ላይ ነው። እዚያ የሽያጭ ሰርቪሱን በ«ኒው» ራስሽ ፈጥረሽዋል።

ስፕሪንግ የሚሞላው ራሱ የፈጠረውን ኦብጀክት ብቻ ነው። ሲነሳ የራሱን ሰርቪስ ፈጥሮ፣ ሪፖዚተሪውን አስገብቶለት፣ የፈጠራቸውን በሚይዝበት ኮንቴይነር ውስጥ አስቀምጦታል። ኮንትሮለርሽ ግን እሱን ትቶ ሌላ ይዟል። በ«ኒው» የመጣውን ስፕሪንግ ጭራሽ አያውቀውም። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ሰርቪሱ ኮንስትራክተር (ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) ውስጥ የሆነ ነገር ፕሪንት አድርጊና አስነሺው፣ «መዝግብ»ንም ንኪ። ሁለት ጊዜ ይጽፍልሻል። እንዲህ ያለ ቢን (ስፕሪንግ የሚያስተዳድረው ኦብጀክት) ደግሞ አንዴ ብቻ ነው መፈጠር ያለበት።

አሁን «ኒው»ን አጥፊው። ኮንትሮለሩ ሰርቪሱን፣ ሰርቪሱም ሪፖዚተሪውን በኮንስትራክተር ይቀበሉ። ፊልዶቹን እንዳይቀየሩ ፋይናል አድርጊያቸው። ከስፕሪንግ 4.3 ወዲህ ኮንስትራክተሩ አንድ ብቻ ከሆነ አውቶዋየርድ መጻፍ እንኳ አያስፈልግም። እኔ ፊልድ ላይ አውቶዋየርድ መለጠፍ ከተውኩ ቆየሁ። በኮንስትራክተር ሲሆን ነገ አንድ ሰው ተሳስቶ በባዶ ቅንፍ «ኒው» ቢል ኮዱ ኮምፓይል አያደርግም። ስህተቱ እዚያው አንቺ ጋ ይያዛል። ነጋዴው ደንበኛ ተሰልፎበት እያለ ፕሮግራሙ ከሚከዳው ይህ ስንት ጊዜ ይሻላል!

ይህን ስታደርጊ ግን ፕሮግራሙ ጭራሽ አልነሳ ሊልሽ ይችላል። «የኮንስትራክተሩ ፓራሜትር 0 የሚፈልገው ቢን አልተገኘም» የሚል ነገር ካየሽ ወደ ፓኬጆችሽ (ክላሶቹ ወደተቀመጡባቸው ፎልደሮች) ሂጂ። ስፕሪንግ ቡት የሚያስሰው ዋናው ክላስ ያለበትን ፓኬጅና ከሱ ሥር ያሉትን ነው። በድሬዳዋ ሰፈሮች ብንመስለው፣ ዋናው ክላስ ከዚራ ተቀምጦ ሰርቪሱ መጋላ ከሆነ፣ ስፕሪንግ በመካከላቸው ያለውን የደቻቱን ወንዝ አይሻገርም። ዋናውን ክላስ ሁሉንም ወደሚያቅፈው ፓኬጅ አውጪው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሌላ ፓኬጅም እንዲታሰስ የሚያዝ ኮምፖነንት ስካን ይጨምራል። እሱ ሰርቪሱን ያገኝልሻል፤ የጄፒኤ (የጃቫ ዳታቤዝ ማገናኛ) ሪፖዚተሪዎቹንና ኢንቲቲዎቹን (የዳታቤዝ መዝገብ የሚይዙትን ክላሶች) ግን አያመጣልሽም፣ ለእነሱ ሌላ መጻፍ ይኖርብሻል። ክላሱን ማንቀሳቀስ ይቀላል።

ሁለት ሰርቪሶች እርስ በርስ ከተፈላለጉ ደግሞ በኮንስትራክተር ከሆነ ፕሮግራሙ እምቢ ብሎ ይቆማል፤ ከስፕሪንግ ቡት 2.6 ጀምሮ በፊልድም ቢሆን እንዲሁ ነው። ወደ ፊልድ መልሰሽ በሴቲንግ አስገድደሽ አትለፊው፤ ሁለቱም የሚፈልጉትን ሥራ ወደ ሦስተኛ ሰርቪስ አውጪው።

ደግሞ ደንግጠሽ ያገኘሽውን «ኒው» ሁሉ እንዳትሰርዢ። የአንዱን ሽያጭ ዕቃ፣ ብዛትና ዋጋ የሚይዘው ኢንቲቲ በ«ኒው» ነው መፈጠር ያለበት። እሱን እንዳለ ተይው።