ስክሪኑ የተበላሸ አሮጌ ዴስክቶፕ፦ ጥያቄና መልስ

ጥ፦ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ዴስክቶፕ አለኝ። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም መስመርና ነጠብጣብ ይወጣል። ፎርማት ላስደርገው?

መ፦ አትቸኩል ወንድሜ፤ ፎርማት የሁሉ በሽታ መድኃኒት አይደለም። መስመሩ ሲታይ ፕሪንት ስክሪን ተጫን፣ ፔይንት ላይ ለጥፈህ ሴቭ አድርግና ምስሉን ስልክህ ላይ ክፈተው። መስመሩ ስልኩም ላይ ካለ ጥፋቱ የድራይቨሩ (ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ወይም የግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን የሚያዘጋጀው ክፍል) ነው። ምስሉ ንጹሕ ከሆነ ግን ኬብሉን፣ ሞኒተሩን ወይም የካርዱን መውጫ ጠርጥር። ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ ገና ዊንዶውስ ሳይገባ፣ አርማው ላይ መስመር ካለ ደግሞ የሃርድዌር ችግር ነውና ፎርማት ብታስደርገው ልፋት ብቻ ነው።

ካርዱ ከሆነ ገመዱን ከሶኬት ንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነህ የቀረውን ኃይል አስወጣ። ካርዱን አውጥተህ የማራገቢያውን አቧራ በብሩሽ ጥረግ፤ የሚሰካበት ጠርዝ ላይ ያሉትን ወርቃማ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ በቀስታ ፈትግ፣ ፍርፋሪውንም አራግፍ። ለብቻው ካርድ የሌለው ማሽን ለምስሉ የሚሆነውን ቦታ ከራሙ (ከኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ነው የሚበደረው፤ ስለዚህ ራሙንም እንዲሁ አጽዳ። ሁለት ራም ካለው አንድ አንዱን እያስገባህ ሞክር፤ አጥፊው ቶሎ ይለያል።

ጥ፦ ልጆቼ የሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ስክሪኑ ድንገት ቢጫ ሆነብኝ። ቫይረስ ይሆን?

መ፦ ቫይረስ አይደለም፤ ሰማያዊው ቀለም ቀርቶብዎት ነው። የቪጂኤ ኬብሉን (ሞኒተሩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘውን ገመድ) ነቅለው ጫፉን ይዩት። 1ኛው እግር ቀይ፣ 2ኛው አረንጓዴ፣ 3ኛው ሰማያዊ ያስተላልፋል። የተጣመመ እግር ካለ በወረንጦ በቀስታ ያቃኑት። መሐለኛው ረድፍ ላይ አንድ እግር ቢጎድል አይደንግጡ፤ ብዙ ኬብል ሲሠራም 9ኛው የለውም። መልሰው ሲሰኩ ሁለቱንም ብሎን ያጥብቁ።

ጥ፦ ፎርማት ካስደረግኩ በኋላ ሁሉ ነገር ትልልቅና ብዥ ያለ ሆነ።

መ፦ የግራፊክስ ድራይቨር አልተጫነለትም። ዲቫይስ ማናጀር (የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚዘረዝረው የዊንዶውስ መስኮት) ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ክፈት። ዊንዶውስ 7 ላይ ስታንዳርድ ቪጂኤ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ማይክሮሶፍት ቤዚክ የሚል ካለ ድራይቨሩ አልተጫነም ማለት ነው። ድራይቨሩን ከኮምፒውተሩ አምራች ገጽ በሞዴሉ ፈልግ፤ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት ከዊንዶውሱ ጋር ይግጠም። ከዚያ ሬዞሉሽኑን (የምስሉን የነጥብ ብዛት) አስተካክል፤ ሰፊ ያልሆነው የድሮው 17 ኢንች ጠፍጣፋ ሞኒተር የሚያምርበት 1280 በ1024 ላይ ነው።

ጥ፦ ዊንዶውስ 10 ነው፤ ስክሪኑ በየመሐሉ ይጠቁራል፣ የሙዚቃው ድምፅ ግን አይቋረጥም።

መ፦ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና የB ፊደልን አንድ ላይ ተጫን። ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣዋል፤ የከፈትከው ሥራም አይጠፋም። ዊንዶውስ 7 ላይ ይህ አይሠራም።

ጥ፦ ሞኒተሩ ሁለት ሰከንድ በርቶ ይጨልማል።

መ፦ በጨለመበት የስልክህን መብራት በአግድም አብራበት። ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ የጠፋው የኋላ መብራቱ ነው። ብዙ ጊዜ ፓወር ቦርዱ (ለሞኒተሩ ኃይል የሚሰጠው ሰሌዳ) ላይ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር (ኃይል የሚያጠራቅም ትንሽ ክፍል) ይገኛል። ሲቀየር ማይክሮፋራዱ (የማጠራቀም አቅሙ) እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ቦርዱ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ስለሚቆይ ልምድ ከሌለህ ለጠጋኝ ስጠው።