አውሎ ነፋሱ ደመናና ብርድ ካመጣ፣ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የአርክቲክ ባሕር በረዶ ለምን ቀለጠ? (መልስ)

በአውሎ ነፋሱ ጊዜ በዋናነት ያቀለጠው ከሥር ያለው ውሃ እንጂ አየሩ አይደለም። ደመናው ፀሐይ ይከልላል ያልከው ልክ ነው፤ አውሎ ነፋሱ በጁን መጥቶ ቢሆን መቅለጡን ያዘገየው ነበር። የመጣው ግን በኦገስት ነው፤ ያኔ በረዶው ሳስቷል። በበጋው የሞቀ ውሃ 20 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ጨው የቀነሰና ቀዝቃዛ ውሃ ተከድኖበት ይቆያል። ነፋሱ በረዶውን ሲገፋ ውሃው ይማሰላል፣ ሙቀቱም ወደ በረዶው ሥር ይወጣል። ሞገዱ ደግሞ በረዶውን ይሰባብረዋል፤ ውሃ የሚነካው ጎን ይበዛል።

ይህን በክፍል ለተማሪዎች ለማሳየት፦
1. ሦስት ሳህን፣ እኩል ውሃ፣ በእያንዳንዱ 200 ግራም በረዶ።
2. አንዱ ሳይሰበር፣ ሁለቱ ተሰባብሮ።
3. ከተሰባበሩት አንዱን ብቻ አማስል። ሦስተኛው ከሌለ መሰበሩንና መማሰሉን መለየት አትችልም።

በጠዋት ክፍለ ጊዜ አድርገው፤ የድሬ ቀትር ሳትመዝነው ያቀልጥብሃል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የአርክቲክ በረዶ ስፋት በየቀኑ የሚታይበት ግራፍ ቢያንስ 15 በመቶ በረዶ ያለበትን ቦታ ሙሉ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ነፋስ በረዶውን ሲበትነው ምንም ሳይቀልጥ ቁጥሩ ሊወጣም ሊወርድም ይችላል። የአንድ ቀን ቁልቁለት አይተህ «ቀለጠ» አትበል፤ የአምስት ቀን አማካይ ውሰድ።