የእናትሽን ቤት ሳይሆን የኖራ ጥናትሽን ይዘሽ ሂጂ

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌላው አንባቢም እንዲከታተለን በአጭሩ ላስቀምጠው። ዕድሜሽ 28 ነው። በአፈር ሳይንስ ማስተርስ አለሽ። የመመረቂያ ጥናትሽን የሠራሽው ሆሳዕና አካባቢ ባለ ደጋ መሬት ላይ ነው፤ አሲዳማ አፈር በኖራ ሲታከም የስንዴው ምርት ምን ያህል እንደሚለወጥ ለክተሻል። አሁን በአንድ የግብርና ምርምር ማዕከል ትሠሪያለሽ። አዲስ አበባ ያለ ኤጀንሲ ደግሞ ሜልቦርን ውስጥ የፕሮጀክት ማኔጅመንት የሁለት ዓመት ማስተርስ ኦፈር አምጥቶልሻል። ክፍያው በዓመት 42,000 የአውስትራሊያ ዶላር ነው። እናትሽ ቤታቸውን ሸጠው ሊያስጀምሩሽ ተነስተዋል፤ ገዢ ቅዳሜ ሊያየው ይመጣል። ሜልቦርን ያለችው የአክስትሽ ልጅ «ዋናው መግባቱ ነው፣ ቀሪውን እየሠራሽ ትከፍያለሽ» ብላሻለች። አንቺም «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ሂጂ እህቴ። በዚህ መንገድ ግን አይደለም።

መጀመሪያ «እየሠራሽ ትከፍያለሽ» የሚለውን ወረቀት ላይ እናስቀምጠው። የአክስትሽ ልጅ ክፉ አስባ አይደለም የተናገረችው። ግን ሒሳቡን አብራሽ አልሠራችም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፣ ዶላሩም የአውስትራሊያ ነው።

ሰብክላስ 500 የሚባለው የተማሪ ቪዛ፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሁለት ሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ አያሠራም። በሳምንት 24 ሰዓት ማለት ነው። በእረፍት ጊዜ ገደብ የለውም። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 24.95 ዶላር ነው። ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ በካዥዋል፣ ማለትም ቋሚ ባልሆነ ቅጥር ስለሚቀጠር 25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ወደ 31 ዶላር ይጠጋል። እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ አንድም ሳምንት ሥራ ሳይጠፋ 24 ሰዓት ሠራሽ እንበል። በ12ቱ የእረፍት ሳምንታት ደግሞ 38 ሰዓት ሠራሽ እንበል። ጠቅላላው 44,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። ግብሩ ሲቀነስ እጅሽ ላይ የሚቀረው ወደ 40,000 ነው።

ትምህርቱ 42,000 ነው። ገና ቤት አልተከራየሽም፣ እህልም አልቀመስሽም።

የአውስትራሊያ መንግሥት ቪዛ ለመስጠት፣ ለአንድ ሰው የአንድ ዓመት ኑሮ ብቻ 29,710 ዶላር እንዳለው ማስረጃ ይጠይቃል። ሜልቦርን ውስጥ ይህ ገንዘብ የሚበቃው ቆጥቦ ለሚኖር ሰው ነው። ኑሮውና ትምህርቱ ሲደመር 72,000 ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ሳትታመሚ፣ አንድ ሺፍት ሳይሰረዝብሽ ብትሠሪ እንኳ በየዓመቱ ወደ 32,000 ዶላር ይጎድልሻል። የእናትሽ ቤት የመጀመሪያውን ዓመት ቢሸፍን ሁለተኛው ዓመት ከየት ይመጣል? ብሩንም አትርሺው። ከጁላይ 2024ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ60 ብር በታች ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ቤት የሚሸጠው በብር ነው፣ ክፍያው የሚጠየቀው በዶላር ነው።

ይህን የምነግርሽ ከወረቀት ብቻ አይደለም። እኔም ሜልቦርን የተማርኩት በዚሁ «ገብቼ እሠራለሁ» በሚለው ሐሳብ ነበር። ሌሊት ቢሮ አጸዳ ነበር፣ ቅዳሜና እሑድ ምግብ ቤት እሠራ ነበር። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከሕጉ በታች በጥሬ ገንዘብ ይከፍለኝ ነበር። ቪዛዬን ያሰርዙብኛል ብዬ ስለፈራሁ ስምንት ወር ዝም አልኩ። በዚያ ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ወደቅኩ፤ የወደቁትን ለመድገም ደግሞ እንደገና ከፈልኩ። ፌር ወርክ ኦምቡድስማን የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የውጭ ተማሪን አቤቱታም እንደሚቀበል የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ግን ከመሄድሽ በፊት እወቂው። ሠራተኛ ሁሉ የክፍያ ደረሰኝ ሊሰጠው ይገባል፣ አሠሪውም ጡረታ ይከፍልለታል፣ ተማሪ መሆንሽ ይህን መብት አይቀንሰውም።

ስለ ኤጀንሲው የጻፍሽው ነገር የበለጠ አሳስቦኛል። ኤጀንሲ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም፣ ጥሩ የሚሠሩ አሉ። ግን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለብሽ። ብዙውን ጊዜ ኤጀንሲ ኮሚሽን የሚያገኘው ዩኒቨርሲቲው ከሚቀበለው የትምህርት ክፍያ ነው። በስኮላርሺፕ ለሚሄድ የምርምር ተማሪ ይህ ኮሚሽን አብዛኛውን ጊዜ የለም። «ከአፈር ሳይንስ ይልቅ ፕሮጀክት ማኔጅመንት ያዋጣሻል» ሲሉሽ ለማን እንደሚያዋጣ ጠይቂ።

«ባንክ ስቴትመንቱን እኛ እናስተካክላለን» ያሉሽን ደግሞ በፍጹም እንዳትቀበዪ። ሐሰተኛ ሰነድ ከተገኘ ቪዛው ይከለከላል፣ ለሦስት ዓመትም ሌላ ቪዛ እንዳታገኚ ሊያደርግሽ ይችላል። የሚታገደው ኤጀንሲው አይደለም፣ አንቺ ነሽ። «ገብተሽ ወደ ርካሽ ኮሌጅ ትቀይሪያለሽ» የሚለውም ወጥመድ ነው። ዋናውን ትምህርት ከጀመርሽ ስድስት ወር ሳይሞላ ያለ ልዩ ፈቃድ ተቋም መቀየር አይቻልም። ከማስተርስ ወደ ዲፕሎማ ከወረድሽ ደግሞ የቪዛሽን ግዴታ ጣስሽ ማለት ነው።

ሌላም ችግር አለ። ከማርች 2024 ጀምሮ አመልካቹ እውነተኛ ተማሪ መሆኑን የሚመዝን ጥያቄ አለ። እያንዳንዱን መልስ በ150 ቃል ትጽፊያለሽ። ይህ ትምህርት ለምን? ለምን አውስትራሊያ? ለወደፊት ሥራሽ ምን ይጠቅማል? በአፈር ሳይንስ ማስተርስ ያላት፣ በሙያዋ የምትሠራ ሴት ከዚያው ደረጃ ሌላ ማስተርስ፣ ያውም በማይገናኝ ዘርፍ ለምን ትጀምራለች? እኔ መልሱን ላገኘው አልቻልኩም። አንቺም በደብዳቤሽ «ኤጀንሲው የመረጠልኝ ነው» ነው ያልሽው። የማመልከቻው ክፍያ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 2,000 ዶላር ነው፣ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም።

አሁን ወደ ደስ የሚለው ልምጣ።

በሦስት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ኖራው የጻፍሽው አራት መስመር ብቻ ነው። እኔ ግን የቆምኩት እዚያ ላይ ነው። የምዕራብ አውስትራሊያ የስንዴ ቀበቶ የሚባለው ሰፊ የእርሻ አገር የሚታገለው ካንቺ ችግር ጋር ነው። አፈሩ አሲዳማ ነው። ከሥር ያለው አሉሚኒየም የስንዴውን ሥር ያሳጥረዋል። ገበሬዎቹ ከባሕር ዳርቻ የተቆፈረ የኖራ አሸዋ በትላልቅ መኪና እያስጫኑ ወደ መሀል አገር ይወስዳሉ። ምን ያህል ይበተን፣ ምን ያህል ጥልቀት ይግባ፣ ወጪውን ይመልሳል ወይ የሚለው እዚያም ዋና ጥያቄ ነው። አንቺ ይህንኑ ጥያቄ በሬ በሚያርስበት፣ ኖራ በጆንያ በሚሸከሙበት ማሳ ላይ ጠይቀሽዋል። ይህን ልምድ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ብዙ አይደለም።

ያንቺ መንገድ ሪሰርች ትሬኒንግ ፕሮግራም ይባላል፣ ባጭሩ አርቲፒ። ገንዘቡ የፌዴራል መንግሥቱ ነው፣ ተማሪ የሚመርጡት ግን ዩኒቨርሲቲዎቹ ናቸው። ለምርምር ማስተርስና ለፒኤችዲ ነው። የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፣ ለኑሮም ይከፍላል። የ2025 መነሻው የኑሮ ክፍያ በዓመት 33,511 ዶላር ነበር፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ግብር አይከፍልበትም። የጤና መድኅኑንም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይጨምሩበታል። የምርምር ተማሪ ትምህርቱን ከጀመረ በኋላ የ48 ሰዓቱ ገደብ አይመለከተውም። አንቺ ቴሲስ የሠራሽበት ማስተርስ ስላለሽ በቀጥታ ለፒኤችዲ ማመልከት ትችያለሽ።

ውድድሩ ከባድ ነው፣ አልደብቅሽም። ለውጭ ተማሪ የሚሰጠው ቦታ ጥቂት ነው። በመጀመሪያው ዙር ላይሳካ ይችላል። ግን ለዚህ የምታወጪው ጊዜሽንና የእንግሊዝኛ ፈተናውን ክፍያ ነው፤ የእናትሽ ጣሪያ አይነካም።

ከየት ትጀምሪ? ከቴሲስሽ። እስካሁን በጆርናል ካልወጣ ከአድቫይዘርሽ ጋር ሆነሽ ለጆርናል አዘጋጂው። ለምርጫው ከሚመዝኑት ነገሮች አንዱ የታተመ ሥራ ነው። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ለምርምር ተማሪ 6.5 ይጠይቃል፣ በየክፍሉም ከ6 እንዳያንስ።

ከዚያ ሰው ፈልጊ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጆቻችን የሚሳሳቱት። ማመልከቻ ሞልተው ይልኩና ይጠብቃሉ። ለምርምር ትምህርት መጀመሪያ የሚያማክርሽን ተመራማሪ ታገኚያለሽ፣ ማመልከቻው ከዚያ ይከተላል። የምዕራብ አውስትራሊያ ዋና ከተማ በሆነችው ፐርዝ ውስጥ ዌስተርን አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲና መርዶክ ዩኒቨርሲቲ አሉ። አደላይድ ከተማ ያለው የዌይት ካምፓስ በእርሻ ምርምር የታወቀ ነው። የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ጋተን ላይ የግብርና ካምፓስ አለው። በአፈር አሲድነት ላይ በቅርብ ዓመታት የጻፉትን ፈልጊ፣ ከእያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ጽሑፍ አንብቢ፣ ከዚያ ጻፊላቸው።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን። «ክቡር ፕሮፌሰር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ትምህርት እወዳለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። በመጀመሪያው መስመር የለካሽውን ንገሪያቸው፦ የት፣ ስንት ማሳ ላይ፣ በሄክታር ስንት ኩንታል ኖራ፣ ምርቱ ስንት ሆነ። በሁለተኛው ጽሑፋቸው ውስጥ ካንቺ ማሳ ጋር የማይገጥመውን ነገር አንስተሽ ጠይቂ። በሦስተኛው ለየትኛው ዙር ማመልከት እንደምትፈልጊ ጻፊ። ሲቪሽንና የቴሲስሽን አንድ ገጽ አያይዢ። ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል መላክ ዋጋ የለውም። ለስምንት ሰው ስምንት የተለያየ ጻፊ። በሁለት ሳምንት ካልመለሱ አንዴ አስታውሺ። ዝም ካሉ እለፊያቸው።

ስለ ኑሮውም ጠይቀሽኛል። ሜልቦርን ዘመድ አለሽ፣ ፉትስክሬይ ወደሚባለው የከተማው ሰፈር ብትሄጂ እንጀራውም ቡናውም አለ። ይህን አልንቀውም፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያቀልላል። ፐርዝ ላይ ማኅበረሰባችን ያንሳል። ግን ከአዲስ አበባ ያለው የሰዓት ልዩነት አምስት ሰዓት ነው፣ የሜልቦርኑ ሰባት ነው፣ በበጋቸው ስምንት ይሆናል። ከእናትሽ ጋር ማታ ማታ ለማውራት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በተጨማሪ ፐርዝና አደላይድ በቪዛ ሕጉ እንደ ክልል ከተማ ይቆጠራሉ። ፒኤችዲ ያጠናቀቀ ሰው ሰብክላስ 485 በሚባለው የተመራቂ ቪዛ ሦስት ዓመት መሥራት ይችላል፤ በክልል ከተማ ተምሮ እዚያው ለኖረ ደግሞ ማራዘሚያ ሊኖር ይችላል።

ቤት ሳታዪ ገንዘብ አትላኪ። ማስያዣው ብዙ ጊዜ የአራት ሳምንት ኪራይ ነው። በመንግሥት መዝገብ የሚቀመጥ ስለሆነ ደረሰኙን ጠይቂ፣ ስትገቢም ግድግዳውን፣ ምንጣፉን፣ ምድጃውን ፎቶ አንሺ።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚከብድሽ እንግሊዝኛው አይመስለኝም። የሚከብድሽ አድቫይዘርሽን በስሙ መጥራት ነው። «አንቱ» እያልን ላደግን ሰዎች አፋችን እሺ አይልም። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ «አልስማማም» ማለት ነው። እኛ አገር ዝምታ አክብሮት ነው። እዚያ ግን ዝም ካልሽ ሐሳብ የላትም ይሉሻል። በየስብሰባው ምን ሠራሽ፣ ምን ከበደሽ፣ ቀጥሎ ምን ታደርጊያለሽ የሚለውን ጽፈሽ ግቢ። አንድ ዓመት ገደማ ላይ የጥናትሽ ዕቅድ በኮሚቴ ይገመገማል፣ ያኔ ቆመሽ የምትከላከዪው አንቺ ነሽ።

አሁን በእጅሽ ያለው ኦፈር ማስያዣ የሚከፈልበት ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል ብለሻል። አትክፈዪ። መያዝ ከፈለግሽ ወደሚቀጥለው ሴሚስተር እንዲያስተላልፉልሽ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። የተመላሽ ገንዘብ ደንባቸውንም አንብቢ። ቪዛ ተከልክሎ የሚመለሰውና ራስሽ ሐሳብ ቀይረሽ የሚመለሰው አንድ አይደለም። ከሥራሽ አትልቀቂ። ማዕከሉ ለፒኤችዲ የትምህርት ፈቃድ ይሰጥ እንደሆነ፣ የአገልግሎት ግዴታውም ስንት ዓመት እንደሆነ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቂ። የሚጠብቅሽ ሥራ መኖሩ ለቪዛውም ይጠቅምሻል።

የቴሲስሽን አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ላኪልኝ። ወደ ተመራማሪዎቹ ከመሄዱ በፊት አብረን እናየዋለን።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ለእናትሽ ደውዪላቸው። ገዢው ቅዳሜ እንዳይመጣ ይንገሩት።