አዳማ ቤት ልታዩ ለምትመጡ፦ ጠይቁኝ

ከውጭ መጥታችሁ አዳማ ላይ ቤት ለመፈለግ ያሰባችሁ ጥያቄ ላኩ ብዬ ነበር። ጎረፈልኝ። ደላላ አይደለሁም፤ ለዘመድ ስል ብዙ ግቢ ያንኳኳሁ የአዳማ ሰው ነኝ።

ከዳላስ፦ የሁለት ሳምንት ፈቃድ አለኝ። ለገና ልምጣ?

ለማየት ይበቃሃል፣ ለመግዛት አይበቃህም። በዓል ሰሞን ደግሞ ቢሮ ይዘጋል፣ ደላላውም ዲያስፖራ መግባቱን ያውቃል። ከቻልክ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ና። አዳማ ዙሪያዋ ኮረብታ ነው፤ ሲዘንብ ጎርፉ ቁልቁል ወደ ከተማ ይወርዳል። አንድ ጊዜ በበጋ ለእህቴ ልጅ ቤት ልናይ ሄድን። ግቢው ያምራል። አጥሩ ግን አዲስ ቀለም የተቀባው ከታች እስከ ጉልበት ብቻ ነው። ነገሩ አልገባኝም። በር ላይ ቡና የምታፈላዋን ልጅ ጠየቅኳት። «ክረምት ውሃው እዚህ ይደርሳል» ብላ ጉልበቷን ነካች። ቡናችንን ጠጥተን ሄድን።

ከሮም፦ ፓስፖርቴ የጣሊያን ነው። በወንድሜ ስም ልግዛ?

ኧረ በፍጹም! በትውልድ ኢትዮጵያዊት ከሆንሽ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አውጪና በራስሽ ስም ግዢ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መብቱን ሰጥቶሻል። ካርዱን ከመምጣትሽ በፊት በኤምባሲ ጨርሺው። በወንድም ስም በተገዛ ቤት የተኮራረፈ ስንት ቤተሰብ አውቃለሁ።

ከሪያድ፦ መምጣት ካልቻልኩ እህቴ በውክልና ትግዛልኝ?

ትችላለች። ውክልናውን በኤምባሲ ስጪ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ። ሻጩም በወኪል ከመጣ ወረቀቱ ላይ «መሸጥ» የሚል በግልጽ መጻፉን እህትሽ ትይ። በጠቅላላ ውክልና ቤት አይሸጥም።

ከቶሮንቶ፦ ደላላው «ሌላ ገዢ አለ፣ ዛሬውኑ ቀብድ ጣል» ይለኛል።

ሌላ ገዢ የሌለው ቤት እስካሁን አላየሁም! በሕጉ ቀብድ ሰጥተህ አንተ ከቀረህ ቀብዱ ይቀራል፤ ሻጩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። እጥፉን እስኪመልስ ግን ፍርድ ቤት ስትመላለስ ፈቃድህ ያልቃል። መጀመሪያ ካርታውን (የይዞታ ማረጋገጫውን) እይ። ነባር ይዞታ (ከሊዝ በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት በኪራይ የተያዘ)? ሊዝ ከሆነ ስንት ዕዳ ቀረው? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አንተ የምትገዛው ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት ከመሬት አስተዳደር ራስህ አጣራ። ካርታ የሌለው የጨረቃ ቤት ከሆነ በርካሽነቱ አትታለል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነም ሚስቱ ትፈርም፤ «ገጠር ሄዳለች» ካለህ እስክትመለስ ጠብቅ።

ያው ሰው፦ ዋጋውስ?

ዛሬ የምነግርህ አንተ እስክትመጣ ይለወጣል። ደላላ ሳይሰማ ጎረቤት ጠይቅ።

ከለንደን፦ አዲስ አበባ አድሬ በፍጥነት መንገዱ ብመላለስስ?

መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል። አንተ ግን እዚሁ እደር። የአዳማን ሙቀት የምታውቀው ማታ ነው። ጭፈራ ቤቱም የሚነሳው ማታ ነው። ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶም (የውሃ ማጠራቀሚያውን) ቁጠር፤ ሦስት ሮቶ የደረደረ ሰው ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ሳትጠይቀው እየነገረህ ነው።

ከሜልቦርን፦ ቤቱ ለእናቴ ነው። በቪዲዮ ባሳያትስ?

ይዘሃት ዙር። እኔ አክስቴን ይዤ ስዞር ሳሎንም ኩሽናም አላየችም። በየበሩ «እድሩ የማን ነው?» ትላለች። አራተኛው ቤት ላይ የእድሩ ጸሐፊ የግንብ ጎረቤት ሆኖ ተገኘ። «በቃ፣ ይሄ ነው» አለችኝ። ካርታውን እኔ አየሁት።