ሙዝ በደብረ ብርሃን ብርድ ለምን ይጠቁራል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ከሸዋ ሮቢት በኩል የሚመጣልንን ሙዝና ቲማቲም ቤት ውስጥ ሳስቀምጥ፣ ውርጭ ሳይነካው የሙዙ ልጣጭ በጥቂት ቀናት ይጠቁራል፤ ቲማቲሙም በወጉ ሳይበስል ይለሰልሳል። ጓሮ ያለው ጎመን ግን ውርጩን ችሎ ያድራል። የባዮሎጂ መምህር የሆነው ወንድሜ «የሕዋሳቸው ሽፋን እንደ ቅቤ ስለሚረጋ ነው» አለኝ። እውነት ነው? የቦታው ከፍታስ ድርሻ አለው? — አንባቢያችሁ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ወንድምዎ ከእውነቱ ብዙ አልራቁም፤ ነገር ግን ሽፋኑ እንደ ቅቤ አንድ ላይ የሚረጋ አለመሆኑን ኋላ እናያለን።

እያንዳንዱ ሕዋስ የሚታጠረው በአብዛኛው ፎስፎሊፒድ ከሚባሉ ሞለኪውሎች በተሠራና ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ገደማ በሆነ ስስ ሽፋን ነው። እነዚህ ሞለኪውሎች ውሃ የሚስማማው ራስና ውሃ የሚሸሹ ሁለት የስብ አሲድ ጭራዎች ስላሏቸው፣ ጭራዎቻቸውን ወደ ውስጥ ሸሽገው በሁለት ረድፍ ይደረደራሉ። ሙቀት ሲኖር ጭራዎቹ እየተጣመሙ ይወዛወዛሉ፤ ሞለኪውሎቹም በየረድፋቸው እንደ ልብ ይንሸራተታሉ። ሙቀቱ ከአንድ ወሰን በታች ሲወርድ ግን ጭራዎቹ ቀጥ ብለው ይጠጋጋሉ፣ እንቅስቃሴያቸውም ይገታል፤ ይህ ሁለተኛው ሁነታ ጄል ይባላል።

ወሰኑ የት ላይ እንደሚውል የሚወስነው በዋናነት የጭራው አሠራር ነው። ፎስፋቲዲልኮሊን የተባለውን የታወቀ ፎስፎሊፒድ እንውሰድ። ሁለቱም ጭራዎቹ 18 ካርቦን ይዘው ምንም ድርብ ትስስር (ሁለት ካርቦኖች በእጥፍ የሚያያዙበት ቦታ) ከሌላቸው በ55 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ወደ ጄልነት ይለወጣል፤ የካርቦኑ ቁጥር ሳይለወጥ በእያንዳንዱ ጭራ መካከል አንድ ድርብ ትስስር ብቻ ሲገባ ግን ወሰኑ ከዜሮ በታች ወደ 17 ዲግሪ ይወርዳል። ድርብ ትስስሩ ጭራውን ስለሚያጥፈው ሞለኪውሎቹ ተጠጋግተው መደርደር ያቅታቸዋል፤ ይህች ትንሽ እጥፋት ከ70 ዲግሪ በላይ ልዩነት ማምጣቷ ይህን ጽሑፍ የሚያዘጋጀውን ሰው ዛሬም ያስደንቀዋል። በእርስዎ ቤት ቅቤው ሲጠጥር የኑግ ዘይቱ ሳይረጋ የሚያድረውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ የኑግ ዘይት ድርብ ትስስር ባላቸው የስብ አሲዶች የበለጸገ ነው።

ወደ ሙዙ እንመለስ። ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ሲቆይ ይጎዳል፤ ለዚህም በረዶ መሥራት አያስፈልገውም። የሽፋኑ ከፊል ረግቶ ከፊሉ ፈሳሽ ሆኖ ሲቀር፣ በሁለቱ ድንበር ላይ አደራደሩ ስለሚዛባ ጨውና ሌሎች ንጥረ ነገሮች መሾለክ ይጀምራሉ፤ በሽፋኑ ውስጥ የተተከሉት ፕሮቲኖችም ሥራቸው ይዳከማል። በጤናማ ሕዋስ ተለያይተው የሚኖሩት ፌኖሎች የሚባሉ ውህዶችና እነሱን የሚያጠቁር ኢንዛይም የሚለያቸው ሽፋን ሲላላ ይገናኛሉ፤ ልጣጩም ይጠቁራል።

ይሁን እንጂ የተፈጥሮ ሽፋን የብዙ ዓይነት ሊፒዶች (ፎስፎሊፒድን የመሳሰሉ የስብ ዓይነቶች) ድብልቅ ነው፤ በውስጡ ያሉት ስቴሮሎች የተባሉ ሊፒዶችም ለውጡን ያለሰልሱታል። ስለዚህ አንዱ ክፍል ሲረጋ ሌላው ፈሳሽ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1992 ተመራማሪው ኖሪዮ ሙራታና ባልደረቦቹ በትንባሆ ተክል ላይ በዘረ መል ሥራ ያሳዩት ውጤት እዚህ ላይ ጠቃሚ ነው፦ በክሎሮፕላስት (ተክሉ በብርሃን ምግቡን በሚሠራበት የሕዋስ ክፍል) ያለውን ፎስፋቲዲልግሊሰሮል የተባለ አንድ ሊፒድ የጭራ ዓይነት በመለወጥ ብቻ ተክሉ ለብርድ ያለው ተጋላጭነት ተለወጠ። ያም ሆኖ የብርድን ጉዳት ሁሉ በሽፋኑ ላይ ብቻ ማላከክ ተገቢ አይመስለንም፤ ኢንዛይሞችም በብርድ ይዳከማሉ።

ጎመኑ የሚተርፈው ሽፋኑን ማደስ ስለሚችል ነው። ሌሊቱ ቀስ በቀስ እየበረደ ሲሄድ በስብ አሲዶቹ ላይ ድርብ ትስስር የሚጨምሩ ኢንዛይሞቹን ያሠራል፤ ባክቴሪያ እንኳ በቀዝቃዛ ቦታ ሲያድግ የሽፋኑን ልልነት በተመሳሳይ መንገድ እንደሚጠብቅ ተመራማሪው ሲነንስኪ እ.ኤ.አ. በ1974 ኢ. ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ ላይ አሳይቷል። የቆላው ሙዝ ግን በዘሩም ለዚህ አልተዘጋጀም፤ ተቆርጦ በጥቂት ሰዓት ጣርማ በርን ሲሻገርም ፋታ አያገኝም።

የውርጭ ጉዳት ከዚህ ይለያል። በሕዋሳት መካከል በረዶ ሲሠራ ከውስጣቸው ውሃ ስቦ ያወጣል። በሊፒዶቹ ራሶች መካከል ያለው ውሃ ሲያንስ ጭራዎቹ የበለጠ ስለሚጠጋጉ የመርጋቱ ወሰን ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሽፋኖችም ተጣብቀው መልካቸውን ሊያጡ ይችላሉ። በሕዋሱ የሚጠራቀም ስኳር የውሃውን ቦታ በከፊል በመተካት ይህን ያቃልላል። ካልሲየም ደግሞ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን የሊፒድ ራሶች ስለሚያስተሳስር ወሰኑን ከፍ ያደርጋል።

የከፍታውን ጉዳይ በአጭሩ እንመልሳለን። ግፊት በ1 አትሞስፌር ሲጨምር ወሰኑ ከፍ የሚለው በ0.02 ዲግሪ ያህል ነው። በሸዋ ሮቢትና በደብረ ብርሃን መካከል ያለው የአየር ግፊት ልዩነት ደግሞ ከአንድ አትሞስፌር አንድ አምስተኛ አይሞላም፤ ስለዚህ ውጤቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በ4,000 ሜትር የባሕር ጥልቀት ለሚኖር ዓሣ ግን፣ ግፊቱ 400 አትሞስፌር ገደማ ስለሆነ፣ 8 ዲግሪ ያህል እንደ መቀዝቀዝ ይቆጠራል። ደብረ ብርሃን ላይ ሙዝዎን የሚጎዳው ከፍታው የሚያመጣው ብርድ ነው።

ስለዚህ ሙዙንና ቲማቲሙን ከመስኮትና ከሲሚንቶ ወለል አርቀው፣ ምግብ በሚበስልበት ክፍል ያኑሩ። አንድ ሌሊት የበረደው ፍሬ ጠዋት ቢሞቅ ሊያገግም ይችላል፤ ቀናት ከቆየ ግን የሾለከው አይመለስምና ማሞቁ አይጠቅመውም።