ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን፦ የግራናዳ ተራሮች ሦስት መንደሮች

ጥያቄ፦ ለጥቂት ቀናት በደቡብ ስፔን ግራናዳ ከተማ እቆያለሁ። በአልፑሃራ ተራሮች ላይ ያሉትን ፓምፓኔይራ፣ ቡቢዮንና ካፒሌይራ የተባሉ የጥንት መንደሮች ደርሶ መልስ ማየት ይቻላል? መኪና አልነዳም።

መልስ፦ ይቻላል፤ እኛ ግን አንድ ሌሊት ቢያድሩ እንመርጣለን። ከግራናዳ መናኸሪያ የሚነሳው፣ አልሳ የተባለው ኩባንያ አውቶቡስ በላንሃሮንና በኦርሂቫ በኩል ካፒሌይራ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። በቀን የሚመላለሰው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ መመለሻው ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳያረጋግጡ አይሳፈሩ። ከኦርሂቫ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል፤ መኪና የሚያጥወለውልዎ ከሆነ ከፊት ይቀመጡ።

ብዙ ጎብኚ አውቶቡሱ መጀመሪያ በሚደርስበት በፓምፓኔይራ ይወርድና ሌሎቹን በእግሩ ሽቅብ ሊያያቸው ይነሳል። ፓምፓኔይራ ከባሕር ወለል በላይ 1,060 ሜትር ገደማ፣ ካፒሌይራ ደግሞ 1,436 ሜትር ላይ ስለሆኑ ቡቢዮን ሲደርስ ይደክመዋል። እስከ ካፒሌይራ ተሳፍረው ቁልቁል ይውረዱ። በእግረኛው መንገድ፣ ሳይቆሙ ከሄዱ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ ነው። ድንጋዩ ከዝናብ በኋላ ያዳልጣል፤ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ። ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት (በስፔን አቆጣጠር ከ14 እስከ 17) ሱቆች ይዘጋሉ፤ በዚህ ጊዜ ምሳዎን ይብሉ።

ጥያቄ፦ የቤቶቹ ጣራ ጠፍጣፋ ነው። በረዶ በሚጥልበት ተራራ ላይ እንዴት አያፈስም?

መልስ፦ የእነዚህ መንደሮች ትልቁ ቅርስ እሱ ነው፤ እኛም ሰው ከነጩ ግድግዳ ይልቅ ጣራውን ቢያይ ደስ ይለናል። መጀመሪያ ከቼስትነት ዛፍ የተጠረበ አግዳሚ ይጋደማል። በላዩ ስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሸምበቆ ይነጠፋል። ከዚያ ላውና የሚሉት ግራጫ አፈር ተደልድሎ ይጠቀጠቃል። ላውና የተራራው ድንጋይ ሲፈራርስ የሚገኝ፣ ቅንጣቱ እንደ ቅርፊት የሳሳ ሸክላ ነው፤ ሲርስ እርስ በርሱ ይጣበቅና ውሃ አያሳልፍም። ጣራው ጠፍጣፋ ቢመስልም ውሃው እንዲወርድ በጥቂቱ ያዘነብላል፤ ከጠርዙ ወጣ ያሉት ድንጋዮች ደግሞ ጠብታውን ከኖራው ግድግዳ ያርቁታል። ጠላቱ አረም ነው፤ ሥሩ ላውናውን ይሰነጥቀዋል። ሲሚንቶ የደረቡበትም አሉ፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ስለሆነ ከእንጨቱ ጋር አይተጣጠፍም፣ ይሰነጠቅና ያፈሳል።

አሠራሩን ከሥር ለማየት ቲናኦ የሚባሉትን፣ ከቤት ወደ ቤት መንገዱን ተሻግረው የተሠሩ መተላለፊያዎች ይፈልጉ። በእነሱ ሥር ሲያልፉ አግዳሚው ከነድንጋዩ ይታያል። መሬቱ ቁልቁለት ስለሆነ የታችኛው ቤት ጣራ ከላይኛው መንገድ ጋር እኩል የሚሆንበት ቦታ አለ። ለፎቶ ብለው አይርገጡት፤ የሰው ቤት ነው፣ ላውናውም ይጎዳል።

በሞሮኮ የአትላስ ተራሮችም ተመሳሳይ ቤቶች አሉ፤ ይህን አካባቢም በፊት ሙስሊሞች ይገዙት ነበር። ግራናዳ እ.ኤ.አ. በ1492 በክርስቲያን ነገሥታት እጅ ከወደቀች በኋላም ሞሪስኮ የተባሉት የሙስሊሞቹ ዘሮች እዚህ ኖረዋል። በ1568 ያነሱት አመፅ በ1571 ሲደመሰስ ተባረሩና ከሰሜን ስፔን ሰዎች መጥተው ሰፈሩ። ሰፋሪዎቹ ግን ጣራውንም፣ እርከኑንም፣ አሴኪያ የተባለውን የመስኖ ቦይም እንደነበረ ቀጠሉበት። ፓምፓኔይራ ውስጥ ዛሬም ውሃው በመንገዱ መሃል ሲወርድ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ከካፒሌይራ ተነስቶ ሙላሴን ተራራ ላይ መውጣት ይቻላል?

መልስ፦ በስፔን በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ ገደማ) ይቻላል። ጫፉ 3,479 ሜትር ነው። የግል መኪና እላይ ድረስ አይፈቀድም፤ በወቅቱ ግን የብሔራዊ ፓርኩ አነስተኛ አውቶቡስ ከካፒሌይራ እስከ 2,700 ሜትር ገደማ ያደርሳል፤ ከዚያ 780 ሜትር ያህል ሽቅብ በእግር ነው። ወንበሩ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀድመው ያስይዙ፤ የመመለሻውንም አብረው ይያዙ።