ብርቱካናማው መብራት እየበራ ሥራ አትልቀቂ

«ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ በአይቲ ባለሙያነት ከተቀጠርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ሰርቨራችን ባለ 4 ቴራባይት አራት ዲስኮች አሉት፤ በሬይድ 5 (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ አሠርቶ ለብልሽት ትርፍ በሚይዝ አደረጃጀት) ነው የተዋቀረው። እስካሁን የተያዘው 5 ቴራባይት ያህል ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የአንዱ ዲስክ መብራት ብርቱካናማ ሆነ፤ የብልሽት ምልክት ነው። ምትክና አንድ መጠባበቂያ እንዲገዛ ብጠይቅ የፋይናንስ ኃላፊው "እየሠራ አይደል? ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ዲስክ ቅንጦት ነው" አሉኝ። አሁን ደግሞ ሰርቨሩን በስሜ ፈርሜ እንድረከብ ይፈልጋሉ። እናቴ ባንክ ግቢ ትለኛለች። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ "በክላውድ ዘመን ዲስክ መጠበቅ ምን ያደርግልሻል፣ ፕሮግራሚንግ ተማሪ" ይላል። ታናሽ ወንድሜን የማስተምረው እኔ ነኝ። ልልቀቅ?»

የድሬ ልጅ ነሽና በአንቱታ አላደክምሽም። አትልቀቂ። ቢያንስ አሁን አትልቀቂ።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። የንብረት ገቢና ወጪ ቅጾቹን፣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22ን ስሞላ ነው ያደግሁት። ያንቺን የመሰለ የዲስክ ግዢ ጥያቄ በእጄ አልፏል፤ «በጀት አልተያዘለትም» ተብሎ ሲመለስ እኔው ነኝ ፋይል ውስጥ ያስገባሁት። ከወር በኋላ ሁለተኛው ዲስክ ሞተ። የሦስት ዓመት የደመወዝ መዝገብ ከወረቀት ላይ እንደገና ተለቅሞ ሲጻፍ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበርኩ። ወደ ጥገና ክፍል ዛውሩኝ ያልኩት ያኔ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ገለልተኛ ነኝ አልልሽም።

ለኃላፊው ነገሩን በሒሳብ ንገሪያቸው፤ የሒሳብ ሰው ናቸው። ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ 5፣ 3 እና 4። ድምራቸው 12 ለብቻው ተጽፏል። ከአራቱ አንዱ ቢፋቅ ከቀሪዎቹ ተሰልቶ ይመለሳል፤ ሁለት ከተፋቁ ግን አይመለስም። አራቱን ቁጥሮች አራቱ ዲስኮች በያቸው፤ የሬይድ 5 ነገር በግርድፉ ይኸው ነው። የእናንተ ሰርቨር አሁን አንዱ ተፍቆበታል። «እየሠራ ነው» የሚሉት የጎደለውን ዲስክ በየቅጽበቱ ከሦስቱ እያሰላ ስለሚሞላላቸው ነው። ሬይድ 5 ሊሸከም የሚችለው አንድ ብልሽት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት ተጠቅማችሁበታል።

«ቅንጦት» ላሉት ደግሞ ታሪኩን ብታነሺላቸው አይከፋም። ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ በበርክሌይ ሆነው በ1988 እ.ኤ.አ. ሬይድን በጽሑፍ ሲያስተዋውቁ፣ በእንግሊዝኛ ስሙ (RAID) ውስጥ ያለችው «አይ» (I) የቆመችው «ርካሽ» ለሚለው ቃል ነበር። ሐሳቡ ውዱን ትልቅ ዲስክ በብዙ ርካሽ ዲስኮች መተካት ነው። ርካሽ ነገር ሲበዛ ግን አንዱ መበላሸቱ አይቀርምና ትርፍ የግድ አስፈለገ። ከቁጠባ የተወለደ ነገር ነው ቅንጦት የተባለው! ሥራ ፈት ፍለጋ ከሆነ ደግሞ፣ ሬይድ 5 ከሚሰጣችሁ 12 ቴራባይት ውስጥ 7ቱ ባዶውን ተቀምጧል። እነዚያኑ አራት ዲስኮች በሬይድ 6 ብታዋቅሪያቸው 8 ቴራባይት ይሰጡሻል፤ ለ5ቱ በቂ ነው። ከአራቱም ማናቸውም ሁለቱ ቢሞቱ መረጃው ይተርፋል።

አዲሱ ዲስክ ሲገባ አደጋው ወዲያው አያልፍም። መልሶ ለመገንባት ሦስቱ ቀሪ ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር መነበብ አለባቸው፤ 12 ቴራባይት ማለት ነው። የተራ ዲስክ አምራቾች በዝርዝራቸው ላይ የሚጽፉት ወሰን ደግሞ በየ12.5 ቴራባይት ንባብ እስከ አንድ የማይነበብ ቦታ ሊያጋጥም ይችላል የሚል ነው። ብዙ ዲስክ ከዚህ የተሻለ ይሠራል፤ ቢሆንም በዚህ ላይ መወራረድ አልወድም። አራቱ ዲስኮች በአንድ ቀን ተገዝተው፣ አንዱን የድሬ ሙቀት አብረው የቻሉ እኩያሞች ናቸው። አንዱ ሲደክም ሌሎቹም ሩቅ አይደሉም።

እዚያው ድሬ ታይዋን ገበያ ወርደሽ ርካሽ የዴስክቶፕ ዲስክ እንዳታመጪ። እንዲህ ያለው ዲስክ የማይነበብ ቦታ ሲገጥመው ደጋግሞ ይሞክራል፣ ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ተቆጣጣሪ ካርድም የሞተ መስሎት ያወጣዋል። ለሰርቨር የተሠራ፣ መጠኑም ከነበረው የማያንስ ይሁን።

ርክክቡን ፈርሚ፣ ግን ቅጹ ላይ በእጅሽ «አንድ ዲስክ ተበላሽቶ ተረክቤያለሁ» ብለሽ ከነቀኑ ጻፊ። የግዢ ጥያቄውንም በቃል ሳይሆን በደብዳቤ አድርጊው፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ይስጡት፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ያዢ። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይብቃው፤ ባንድ በኩል የአንድ ዲስክ ዋጋ፣ በሌላ በኩል የተማሪዎችን ውጤት ከወረቀት እንደገና ለመጻፍ የሚሄደው ደመወዝ ይቀመጥ። ቀጣዩ ቀጣሪሽ የሚፈልገው ይህን ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ሰው ነው።

የባንኩን ነገር በተመለከተ፣ እናትሽ የምትወደው በየወሩ የሚገባውን ደመወዝ ነው፤ ያንቺም በየወሩ ይገባል። አጎትሽ የሥልጠናውን ክፍያና የወንድምሽን ትምህርት ቤት ወጪ አልችልም ካለ ምክሩን አመስግነሽ ተቀበዪ፣ ሥራሽን ግን ለምክር ብለሽ አትጣዪ። ክላውድ የሚለውም ነገር ሌላ ሰው ሕንፃ ውስጥ ያለ ዲስክ ነው፤ እዚያም ብርቱካናማ መብራት የሚያይ ሰው ደመወዝ ይበላል። ፕሮግራሚንግ ማታ ማታ ተማሪ፣ አይጎዳሽም።

የቀረው አንድ ነገር የሁሉም ፊተኛ ነው። ሬይድ ባክአፕ፣ ማለትም ለብቻው የተቀመጠ ቅጂ፣ አይደለም። አንዱ ሠራተኛ የውጤት ፎልደሩን በስህተት ቢያጠፋው አራቱም ዲስኮች ታዝዘው አብረው ያጠፉታል። ሳጥኑ ውኃ ከገባበትም ትርፉም ዋናውም አንድ ላይ ነው የሚሄደው፤ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሌሊት ያደረገውን ድሬ ላይ ላደገ ሰው አልነግርም። ስለዚህ አዲሱን ዲስክ ከመክተትሽ በፊት ሌላ ቅጂ ይኑርሽ፤ ማስቀመጫውም ሌላ ሕንፃ ይሁን፣ ከደቻቱ ማዶ ቢሆን ደግሞ ይሻላል።

ባለ 8 ቴራባይት ውጫዊ ዲስክ ከሆነ ቦታ ተዋሺ። ዓርብ ማታ ከጀመርሽ ቅዳሜ ከሰዓት ያልቃል። ዲስኮቹ መሐል ላይ ቢሰንፉብሽ እንዳትቆጪ የሬጅስትራሩን ፎልደር አስቀድሚ፣ የምረቃው ቪዲዮ ይቆይ።